ደን ሲተነፍስ እንዴት ይለካል?

በእኩለ ቀን ከቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ አጥር አጠገብ ቆመን ነበር። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። በግቢው ውስጥ የልብስ ስፌት ፋብሪካዎች ጣሪያ ያብረቀርቃል። የአስፋልቱ ግለት በጫማ ያልፋል። ፓርኩ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ከዚያ በፊት ይህ የአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳር የእርሻና የግጦሽ መሬት ነበር። ከመንገዱ ማዶ ጥቂት ባሕር ዛፎች ስላሉ ከሥራቸው ገብተን አረፍ አልን።

እዚያው አንድ አዛውንት ገበሬ ተቀምጠው አገኘን። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ፣ «ልጆቼ፣ ነገሩ እንዴት ነው? ፀሐይዋ ያችው አንዷ ናት። እዚያ እሳት፣ እዚህ ቀዝቃዛ!» አሉን። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና ደግሞ፣ «ይህ ባሕር ዛፍ ምንጭ ያደርቃል ይሉናል። እውነት ነው? እኔ ከምንጬ በላይ ልተክል አስቤአለሁ» ሲሉ ጠየቁን።

ሁለቱ ጥያቄዎች የተለያዩ ይመስላሉ። ነገር ግን ሥራቸው አንድ ነው።

ሰማዩ ጥርት ባለ ጊዜ፣ በእኩለ ቀን በሦስት ወይም በአራት ካሬ ሜትር መሬት ላይ የሚወርደው የፀሐይ ኃይል አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሚወስደው ኃይል ጋር ይቀራረባል። ቆርቆሮና አስፋልት ይህን ኃይል ተቀብለው ይግላሉ፤ በላያቸው ያለውንም አየር ያግላሉ። ዛፍ ግን ከጥላው ሌላ አንድ ዘዴ አለው። በሥሩ ከመሬት የመጠጠውን ውኃ በቅጠሉ ላይ ባሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች በእንፋሎት መልክ ያወጣል። አንድ ሊትር ውኃ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ፣ ምጣዱ ከአሥር ደቂቃ በላይ የሚፈጀውን ያህል ኃይል ይወስዳል። ስለዚህ ብዙው የፀሐይ ኃይል ውኃውን በማትነን ያልቃል፤ ለማጋል የሚተርፈው ይቀንሳል። አባባ የተሰማዎት ቅዝቃዜ አንዱ ምክንያቱ ይኸው ነው። ቅዝቃዜው በነፃ አልመጣም፤ ዋጋው ውኃ ነው።

በእነዚያው ቀዳዳዎች የተቃጠለ አየር ይገባል። ይህ እኛ ስንተነፍስ የምናወጣው፣ እንጨትና ነዳጅ ሲነድ የሚወጣው፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለው ነው። ፋብሪካና መኪና ከመብዛታቸው በፊት ከአንድ ሚሊዮን እጅ አየር 280 ያህሉ ነበር። ዛሬ ከ420 በላይ ሆኗል። የምድር ሙቀት የጨመረውም በዚህ ነው። ዛፉ ካርቦኑን ወስዶ ግንድ፣ ቅርንጫፍና ሥር ያደርገዋል።

ታዲያ ይህን የማይታይ መግባትና መውጣት ማን ይቆጥረዋል? ገበሬ ማሽላውን ከወፍ ለመጠበቅ ማማ ይሠራል አይደል? ሊቃውንቱም እንደዚሁ ከዛፎቹ ጫፍ በላይ የሚደርስ የብረት ማማ ያቆማሉ። በአናቱ ሁለት መሣሪያ ይሰቅላሉ። አንደኛው ነፋሱ ወደ ላይ ይሂድ ወደ ታች፣ በምን ፍጥነት እንደሆነ ይለካል። ሁለተኛው በዚያው ነፋስ ውስጥ ስንት እንፋሎትና ስንት የተቃጠለ አየር እንዳለ ይለካል። ይህንን በአንድ ሴኮንድ ውስጥ አሥር ጊዜ፣ አንዳንዴም ሃያ ጊዜ ያደርጋሉ። ነገሩ በገበያ በር ላይ ቆሞ የገባውንና የወጣውን እንደ መቁጠር ነው። ቀን ወደ ታች የሚወርደው ነፋስ ብዙ የተቃጠለ አየር ይዞ ይገባል፤ ወደ ላይ የሚወጣው ጥቂት ይዞ ይመለሳል። ልዩነቱን ደኑ ወስዶታል ማለት ነው። ሌሊት ይገለበጣል። ዛፉም አፈሩም ይተነፍሳሉና።

በአሜሪካ፣ ሃርቫርድ ደን በተባለ ቦታ ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዲህ ሲለካ ኖሯል። በአብዛኞቹ ዓመታት ደኑ ከመለሰው የወሰደው በልጦ ተገኝቷል።

ይሁን እንጂ ማማው ሜዳና ሰፊ ደን ይወዳል። በተዳፋት ላይ፣ ነፋስ በሌለበት ሌሊት፣ ቀዝቃዛው አየር የተቃጠለውን አየር እንደያዘ ወደ ቆላው ይንሸራተታል፤ መሣሪያውም ሳያየው ያመልጣል። ደኑ ጠባብ ከሆነ ደግሞ የጎረቤት ማሳ አየር ይቀላቀላል። እንደ የካ ተራራ ባለ ገደላማ አገር ይህን ማሰብ ያስፈልጋል።

ስለዚህ ሜትር ይዞ መለካትም አልቀረም። የዛፉ ውፍረት ከመሬት አንድ ሜትር ከሠላሳ ሴንቲ ሜትር ላይ ይለካል። ከዚያ ክብደቱ ይሰላል። ከደረቅ እንጨት ክብደት ግማሽ ያህሉ ካርቦን ነው። መቶ ኪሎ ደረቅ እንጨት ካለ፣ ሃምሳ ኪሎው ካርቦን ነው። ይህም ከአየር የተወሰደ 183 ኪሎ ያህል የተቃጠለ አየር ማለት ነው። እንዴ፣ ከዛፉ ይበልጣል? አዎን፤ ዛፉ ካርቦኑን አስቀርቶ ኦክሲጅን ስለሚለቅ ነው። ዛፉ ሲነድ ካርቦኑ ተመልሶ ይሄዳል።

በወላይታ፣ በሁምቦ፣ ገበሬዎች 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ከልለው፣ አብዛኛውን ከጉቶው እንዲያንሠራራ አደረጉ። ሥራው በ2009 እ.ኤ.አ. በዓለም አቀፍ መዝገብ ገባ። ከዚያም ደኑ ለያዘው ካርቦን ገንዘብ ተከፈላቸው። በትክክል ያልተለካ ካርቦን አይሸጥም።

አሁን ወደ ምንጩ እንመለስ። በደቡብ አፍሪካ፣ ሞኮቡላን በሚባል ቦታ፣ የሣር መሬት ላይ የምትፈስ አንዲት ጅረት ነበረች። የዘነበውንና በጅረቷ የወረደውን እየለኩ መዘገቡ። በ1969 እ.ኤ.አ. ሣሩን አንሥተው ባሕር ዛፍ ተከሉ። በሦስተኛው ዓመት ጅረቷ መቀነሷ ታወቀ። በዘጠነኛው ዓመት ፈጽማ ደረቀች። ዝናቡ ቀርቶ አይደለም፤ ውኃው በቅጠል በኩል ወደ ሰማይ ስለሄደ ነው። ዛፎቹ በ16 ዓመታቸው ተቆረጡ። ጅረቷ እንደ ድሮዋ ዓመቱን ሙሉ መፍሰስ የጀመረችው ግን ከዚያ አምስት ዓመት ቆይታ ነው። ፓይን የሚባለው የፈረንጅ ዛፍ በተተከለበት ጎረቤት ሸለቆም ጅረቱ በ12ኛው ዓመት ደርቋል።

ይህን ስንነግራቸው አዛውንቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኛ የባሕር ዛፍ ጠላት አይደለንም። በምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ዓ.ም. መጥቶ፣ አዲስ አበባን በማገዶም በቤት መሥሪያም ያቆመ እሱ ነው። ለገበሬም የገንዘብ ዛፍ ነው። ከምንጭ ራስ ላይ ግን ባይተከል እንመርጣለን፤ ራቅ ብሎ ይተከል።

«ምንጬ መቀነሱን በምን አውቃለሁ?» አሉ። ለዚህ ማማ አያስፈልግም። ሃያ ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ከምንጩ አፍ ላይ ይደቅኑ። ሰዓት ይያዙ። እስኪሞላ ስንት ደቂቃ ፈጀ? ቀኑንና ደቂቃውን በደብተር ላይ ይጻፉ። በየወሩ በዚያው ቀን ይድገሙት። በጋ ከበጋ፣ ክረምት ከክረምት ጋር ያስተያዩ። በዘንድሮ ጥር ስድስት ደቂቃ የፈጀው በሚመጣው ጥር ዘጠኝ ከፈጀ፣ መጀመሪያ የዝናቡን ነገር ይጠይቁ፤ ቀጥሎ ከምንጩ በላይ ምን እንደ በቀለ ወጥተው ይመልከቱ።