ፒተር ቫን ሱስት፦ ሥራቸው በዓለም የመኖ ላቦራቶሪዎች መለኪያ የሆነ ተመራማሪ

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ስለ ከብት መኖ የተሠሩ የመመረቂያ ጽሑፎችን የጥናት ዘዴ ምዕራፍ የገለጠ ሰው አንድ የውጭ አገር ስም ደጋግሞ ያገኛል፦ ቫን ሱስት። ፕሮፌሰር ፒተር ቫን ሱስት እ.ኤ.አ. በ1929 ተወልደው በ2021 ያረፉ አሜሪካዊ የእንስሳት አመጋገብ ተመራማሪ ናቸው። ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር በ1991 ያሳተሙት አንድ ጽሑፍ ብቻ ከ20,000 ጊዜ በላይ በሌሎች ጥናቶች ተጠቅሷል።

ይህን ያህል ያስጠቀሳቸው የመለካት ችግር ነው። ጭድም ሆነ ድርቆሽ አብዛኛው አካሉ የተክል ሕዋስ ግድግዳ ነው። ግድግዳው በዋናነት ከሴሉሎስ፣ ከሄሚሴሉሎስና ከሊግኒን ይሠራል። በሚያመሰኩ እንስሳት ትልቁ ጨጓራ የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን አብላልተው ለከብቱ ጉልበት ያደርጓቸዋል። ሊግኒን ግን ለእነሱም አይበገርም፤ ሌሎቹንም ሸፍኖ እንዳይብላሉ ያግዳል። ስለዚህ የመኖን ዋጋ ለማወቅ ግድግዳው ምን ያህል እንደሆነ፣ በግድግዳውም ውስጥ ምን ያህል ሊግኒን እንዳለ መለካት ያስፈልጋል።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን በጀርመን ዌንዴ የተቀመረው የቀድሞ ዘዴ ናሙናውን በአሲድ፣ ቀጥሎም በአልካላይ ይቀቅል ነበር። በዚህ ጊዜ ከሄሚሴሉሎስና ከሊግኒን ከፊሉ ሟሙቶ ይሄዳል፤ የሟሟውም በስሌት ከስታርችና ከስኳር ጋር ይደመራል። በዚህ ምክንያት ደረቅ ጭድ በወረቀት ላይ ከእውነተኛ ዋጋው የተሻለ ሆኖ ይታይ ነበር።

ቫን ሱስት እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ በሜሪላንድ ቤልትስቪል በሚገኘው የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት የምርምር ማዕከል ሲሠሩ መፍትሔውን በዲተርጀንት አገኙት። ናሙናው አሲድም አልካላይም ባልሆነ የዲተርጀንት ውሕድ ለአንድ ሰዓት ሲፈላ ፕሮቲኑ፣ ስቡና ስኳሩ ሟሙተው ይወጣሉ፤ የሚቀረው ግድግዳው ነው። ባለሙያዎች ይህን ቅሪት ኤንዲኤፍ ይሉታል። አሲድ የተጨመረበት ሌላ ዲተርጀንት ደግሞ ሄሚሴሉሎስን ያሟሟና በዋናነት ሴሉሎስንና ሊግኒንን ያስቀራል፤ ይህ ኤዲኤፍ ይባላል። በመጨረሻም 72 በመቶ የሆነ ሰልፈሪክ አሲድ ሴሉሎሱን አሟሙቶ ሊግኒኑን ለይቶ ያወጣል። የኤዲኤፍ ዘዴ በ1963፣ የኤንዲኤፍ ደግሞ በ1967 ታተመ።

ቁጥሮቹ ለከብት አርቢ ትርጉም አላቸው። ኤንዲኤፍ ሲበዛ መኖው ጨጓራን ቶሎ ሞልቶ ስለሚቆይ ከብቱ የሚበላው መጠን ይቀንሳል። ኤዲኤፍ ሲበዛ ደግሞ ከተበላው ውስጥ የሚፈጨው ያንሳል። የጤፍ ጭድ ከደረቅ ክብደቱ ሁለት ሦስተኛ በላይ ግድግዳ ነው። በጭድ ብቻ የምትቀለብ ላም ሆዷ ሞልቶም ወተቷ የሚያንሰው፣ ፉርሽካና ፋጉሎ ሲታከልላት የምትሻሻለውም አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ቫን ሱስት በ1968 ወደ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተዛወሩ። ስለሚያመሰኩ እንስሳት አመጋገብ የጻፉት መጽሐፍ በ1982 ታተመ፤ ሁለተኛው እትም በ1994 ወጣ። በ1991 ከሮበርትሰንና ከሉዊስ ጋር ያሳተሙት ጽሑፍ በቤተ ሙከራ የታዩትን ችግሮች አረመ፦ ስታርች የበዛበት ናሙና ማጣሪያውን እየዘጋ ሲያስቸግር ሙቀት የሚቋቋም አሚሌዝ የተባለ ኢንዛይም እንዲጨመር አደረገ። ጽሑፉ በሰው ምግብ ውስጥ ያለውን ፋይበርም ስለሚመለከት ከከብት በረት አልፎ በምግብ ሳይንስ ጥናቶችም ይጠቀሳል።

እንዲህ ያሉ ጥቅሶችን የመቁጠር ሥራ በስፋት የተጀመረው ዩጂን ጋርፊልድ በ1964 የሳይንስ ጥቅሶችን ማውጫ ማሳተም ሲጀምር ነው። በ2005 ደግሞ የፊዚክስ ሊቁ ሆርሄ ሂርሽ ኤች ኢንዴክስ የተባለውን መለኪያ አቀረበ። ኤች ኢንዴክሱ 20 የሆነ ተመራማሪ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 20 ጊዜ የተጠቀሱ 20 ጽሑፎች አሉት ማለት ነው። መለኪያው የማያቋርጥ ሥራን ያሳያል፤ ጉድለቱም ግልጽ ነው። አንድ ሰው የ1991ን ጽሑፍ የመሰለ አንድ ሥራ ብቻ ቢኖረው፣ 20,000 ጊዜ ቢጠቀስም ኤች ኢንዴክሱ 1 ይሆናል።

የዘዴ ጽሑፎች ከሌሎቹ ይልቅ የሚጠቀሱበት ምክንያት አለ፦ ዘዴውን የተጠቀመ ሁሉ ስሙን መጥራት ግዴታው ነው። በዓለም እጅግ የተጠቀሰው ሳይንሳዊ ጽሑፍም የመለኪያ ዘዴ ነው፤ ሎውሪና ባልደረቦቹ በ1951 ስለ ፕሮቲን አለካክ ያሳተሙት ይህ ሥራ ከ300,000 ጊዜ በላይ ተጠቅሷል። ጥቅስ ሁልጊዜ ምስጋና አይደለም፤ አንድ ጽሑፍ ለመተቸትም ይጠቀሳል፣ ሳይነበብም ይጠቀሳል። የአንድን አካባቢ መኖ አጥንቶ የገበሬውን ኑሮ ያሻሻለ ሥራ ደግሞ አንባቢው ጥቂት ስለሆነ ብቻ ቁጥሩ ሊያንስ ይችላል።

ስለዚህ ለቅጥርም ሆነ ለዕድገት ተመራማሪን የምትመዝኑ ሁሉ፣ ቁጥሩን ካያችሁ በኋላ ሥራውን አንብቡ፤ ማን እንደተጠቀመበትም ጠይቁ። ወጣት ተመራማሪዎችም የምትጠቅሱትን ጽሑፍ ከመጥቀሳችሁ በፊት እስከ መጨረሻው አንብቡት። የቫን ሱስት ቁጥር የሚከበረው ከበስተጀርባው ሌሎች በየቤተ ሙከራቸው ደግመው የሚሠሩበትና የሚያምኑት መለኪያ ስላለ ነው።