የአጥቢያው ቁራሽ፦ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የደብር ኑሮና የአብነት ተማሪ



የአብነት ትምህርት ታሪክ ሲነገር ስማቸው የሚነሣው ሊቃውንቱ ናቸው፤ ይገባቸዋልም። እኔ ግን ዛሬ ስለ እንጀራው ልናገር።

በእነዚህ አገሮች አጥቢያ ማለት ሕንፃው ብቻ አይደለም። ከቅዳሴ በኋላ ምእመናኑ በሰንበቴው ተሰብስበው በተራ የመጣውን ዳቦና ጠላ ይቋደሳሉ፤ ነዳዩም ከዚያው ይመገባል። በወር በወር በቅዱሳኑ ስም ማኅበር ይጠጣል፤ ሐዘን ሲደርስም ሰዉ አብሮ ይቆማል። ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ግን አጥቢያው ለማያውቀው ልጅ የሚያደርገው ነው።

የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቦ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ይቆማል፤ ስለ ማርያም ስም ብላችሁ ማለቱ ነው። ውሻው ይጮህበታል፣ የቤቱ እመቤት ቁራሽ ይዛ ትወጣለች። ልጁ የማን ልጅ እንደሆነ አትጠይቅም። ተማሪ ከወላጆቹ ርቆ ሌላ አገር መማሩ የቆየ ልማድ በመሆኑ፣ የሚያበላው ዘመድ ሳይሆን ባዳ ነው።

ነገሩ ምጽዋት ብቻ መስሎን እንዳንሳሳት፤ ሳይጻፍ የጸና ውል ነው። የድጓ ትምህርት ማስመስከሪያው ጋይንት ቤተልሔም ነው፤ የዝማሬና የመዋሥዕቱ ጉባኤ ዙር አምባ ነው። ስለዚህ የጎጃሙ ልጅ ለዜማ ወደ ጋይንት ይመጣል፤ የጋይንቱና የስማዳው ልጅ ደግሞ ቅኔ ሊቀኝ ዐባይን ተሻግሮ እንደ ዋሸራ ወዳሉት የጎጃም ጉባኤ ቤቶች ይሄዳል። የእስቴዋ እናት ለባዳ ልጅ ስትቆርስ፣ ስሟን የማታውቃት ሌላ እናት ለእርሷ ልጅ ትቆርሳለች። ከሊቃውንቱ ጀርባ ያለው ይህ የሴቶች ሥራ በጥናቶቻችን ውስጥ ከግርጌ ማስታወሻ ያለፈ ቦታ አለማግኘቱ፣ በእኔ ግምት፣ የእኛው የተመራማሪዎቹ ጉድለት ነው።

ይህ ሰንሰለት የቆመው በሁለት ነገር ነው፤ በሰፊ ጎተራና በክፍት መንገድ። ጎተራው በድርቅ ዓመት ሲጎድል ተማሪው ወደ ሌላ ወረዳ ይሻገር ነበር። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በቀጠለው ግጭት ግን መንገዱ ራሱ ያስፈራል። መምህሩ በጉባኤው አሉ፣ መጻሕፍቱም በቦታቸው ናቸው እንበል፤ ከሩቅ የሚመጣው ልጅ ከቀረ የቤተልሔምን ድጓ ተቀብሎ ወደ አገሩ የሚወስደው ማን ነው? ከናንተ መካከል ለመመረቂያ ጽሑፉ ርዕስ የሚፈልግ ካለ፣ ከሊቃውንቱ ደጅ በፊት ቁራሽ ወደሚወጣበት ደጅ ይሂድ።