የማይለቅ ቀለም፦ ማርከር፣ ሥዕልና የማኅበረሰብ ትውስታ በሐሙሲትና በፎገራ ሜዳ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ትምህርታዊ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ በተናጋሪው የታረመ)



ንግግሬን ሁላችንም በምናውቀው ስሕተት ልጀምር። መምህር ወደ ክፍል ይገባል፤ ጠረጴዛ ላይ ያገኘውን ማርከር አንሥቶ በነጩ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ ሊያጠፋው ሲል ጽሑፉ አልለቅ ይላል። ለካ ያነሣው የሰሌዳ ማርከር ሳይሆን ፐርማነንት ማርከር ኖሯል። ተማሪዎች ይሥቃሉ፤ መምህሩ ከዳስተሩ ጋር ይታገላል። መላው ግን ቀላል ነው፤ በዚያው ጽሑፍ ላይ በሰሌዳ ማርከር ደርቦ መጻፍና ሳይደርቅ መጥረግ። ሁለቱም አብረው ይጠፋሉ። እንግዲህ "የማይለቀው" ለቀቀ ማለት ነው።

የዛሬው ጥያቄዬ ከዚህ ይነሣል። አንድን ቀለም "አይለቅም" ስንል ምን ማለታችን ነው? ጥያቄው የቃላት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። እኔ መልሱን በወጉ ሳላውቅ በሠራሁት ሥራ ምክንያት፣ የጎርፍ መውጫ መንገድን የሚያሳይ ካርታ መንገዱን አጥቶ አይቻለሁ። ወደዚያ ከመድረሴ በፊት ግን ስለ ዕቃው ራሱ ጥቂት ልበል።

ማርከር ምንድን ነው?

ዛሬ በየሱቁ የምናገኘው ማርከር ዕድሜው ረጅም አይደለም። አሜሪካዊው ሲድኒ ሮዘንታል "ማጂክ ማርከር" የተባለውን ያወጣው በ1953 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በስፋት የታወቀው "ሻርፒ" ለገበያ የቀረበው ደግሞ በ1964 እ.ኤ.አ. ነው። በውስጡ ዋና ዋናዎቹ ነገሮች ሦስት ናቸው፦ ቀለም ሰጪው፣ ቀለሙን ፈሳሽ አድርጎ የሚያወርደው አሟሚ፣ ቀለሙን ከገጹ ጋር የሚያጣብቀው ሬዚን፣ ማለትም ሙጫ። ቀድሞ አሟሚው ዛይሊን ወይም ቶሉዊን ነበር፤ ዛሬ በአብዛኛው የአልኮል ዓይነት ነው። ስንጽፍ አልኮሉ ይተናል፤ ሬዚኑ ቀለሙን ይዞ ይቀራል። ውኃ ይህን ሬዚን አያሟማውም፤ አልኮል ግን ያሟማዋል። የሰሌዳ ማርከርም አሟሚው አልኮል በመሆኑ የደረቀውን ጽሑፍ መልሶ ያረጥበዋል፤ የመምህሩ ዘዴ የሚሠራው ስለዚህ ነው።

ስለዚህ በማርከሩ ላይ የተጻፈው "ፐርማነንት" የሚለው ቃል የሚሰጠን ተስፋ ውሱን ነው፤ ውኃ በቀላሉ አያጥበውም ማለት ነው። ስለ ፀሐይ የሚናገረው ነገር የለም። ቀለም ሰጪው ሁለት ዓይነት ሊሆን ይችላል። አንደኛው በፈሳሹ ውስጥ ፈጽሞ የሚሟማ ዳይ ነው፤ ሁለተኛው ሳይሟማ በደቃቅ ቅንጣት የሚንሳፈፍ ፒግመንት ነው። ዳይ ደማቅ ነው፤ ነገር ግን የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ሞለኪውሎቹን ስለሚሰባብራቸው ቶሎ ይገረጣል። ፒግመንት ብርሃንን በተሻለ ይቋቋማል። ብዙዎቹ ርካሽ ማርከሮች በዳይ የተሠሩ ናቸው።

ቀለም በእኛ ዘንድ

በአማርኛ "ቀለም" የሚለው ቃል የሚታየውን መልክም፣ የሚጻፍበትን ፈሳሽም፣ ትምህርትንም ይጠራል። የተማረውን ሰው "ቀለም የቆጠረ" እንለዋለን። በጣና ዙሪያ ያደገ ሰው የዚህን ቃል ክብደት በየገዳማቱ በተከማቹት የብራና መጻሕፍት ያውቀዋል። የቁም ጸሐፊዎች ጥቁሩን ቀለም የሚያዘጋጁት በዋናነት ከጥቀርሻ ነው፤ ጥቀርሻው ከሙጫና ከውኃ ጋር እየታሸ ለረጅም ጊዜ ይቆያል፤ ከዚያም ከመቃ በተቀረጸ ብርዕ ይጻፍበታል። ቀዩ ቀለም ለአርእስትና ለከበሩ ስሞች ይለያል።

በኬሚስትሪ ዓይን ስናየው ይህ ዝግጅት እጅግ የተሟላ ነው። ጥቀርሻ ካርቦን ነው፤ ካርቦንን የፀሐይ ብርሃን አያገረጣውም። ሙጫው ደግሞ ካርቦኑን ከብራናው ጋር ያጣብቃል። አንድ ቀለም ጸንቶ እንዲኖር ሁለት ነገሮች ያስፈልጉታል፦ የማይገረጣ ቀለም ሰጪና የማይላቀቅ አጣባቂ። የሠለጠነው ማርከራችን ብዙውን ጊዜ ሁለተኛውን ብቻ ይዞ ይመጣል።

ከሥዕሉም ወገን የምንማረው አለ። በጣና ደሴቶችና ዳርቻዎች ባሉ አብያተ ክርስቲያናት የመቅደሱን ግድግዳ የሚሸፍኑት ሥዕሎች ብዙዎቹ በቀጥታ በምርጊቱ ላይ አልተሣሉም፤ የተሣሉት ከግድግዳው ጋር በተጣበቀ የጥጥ ጨርቅ ላይ ነው። የቅዱሳኑም መልክ ጎልቶ በሚታይ ጥቁር መስመር የተከበበ ነው፤ ቀለሙ ቢደበዝዝ እንኳ መስመሩ ማን ማን እንደሆነ ይናገራል። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ማርከር በማኅበረሰብ ሥራ ውስጥ

ከባሕር ዳር ወደ ወረታ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ሐሙሲት ዛሬ በማርከር የተሞላች ናት። በገበያ ቀን ብትወጡ በጆንያውና በጀሪካኑ ላይ የባለቤቱ ስም በማርከር ተጽፎ ታያላችሁ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲለያዩ አንዱ በሌላው ዩኒፎርም ላይ ይፈርማል፤ ያ ሸሚዝ ከዚያ በኋላ ልብስ መሆኑ ቀርቶ ማኅደር ይሆናል። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በየጤና ኬላው ግድግዳ የቀበሌው ካርታና የሥራው ሠንጠረዥ በእጅ ተሥሎ ማየት የተለመደ ሆኗል። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ከገበሬው ጋር የተፋሰሱን ካርታ የሚሠራው በፍሊፕ ቻርትና በማርከር ነው።

ይህ የአሠራር ስልት በአገራችን ታሪክ አለው። በ1988 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር መቀመጫው ለንደን ከሆነው ዓለም አቀፍ የአካባቢና ልማት ተቋም ጋር ሆኖ በወሎ ያካሄደው የገጠር ዳሰሳ፣ ዛሬ አሳታፊ የምንለው ስልት በዓለም ላይ ከተሞከረባቸው ቀደምት ሥራዎች አንዱ ነው። ስልቱን በስፋት ያስተዋወቀው ሮበርት ቻምበርስ "ዱላውን ማስረከብ" የሚለውን ሐሳብ ደጋግሞ ያነሣል፤ መሬት ላይ የሚሣልበትን በትር ባለሙያው ለነዋሪው ይስጥ ማለቱ ነው። በእኛ ዘመን በትሩ ማርከር ሆኗል። ማርከሩን የያዘው ሰው ካርታውን ይዟል፤ ሌላው አስተያየት ሰጪ ነው።

የእኔ ስሕተት

በ1998 ዓ.ም. ክረምት ርብና ጉማራ ከአፋቸው ሞልተው የፎገራን ሜዳ እንዳጥለቀለቁት ታስታውሳላችሁ። በፎገራና በሊቦ ከምከም ብዙ ሰው ከቀዬው ተፈናቀለ። ያ ሜዳ ውኃ ስለሚተኛበት ነው ለሩዝ የተመቸው፤ በረከቱም አደጋውም ከአንድ ምንጭ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከተማሪዎቼ ጋር ሆነን ከሐሙሲት ወደ ሜዳው ወረድ ብሎ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት የጎርፍ ካርታ ለመሥራት ሄድን። ልጆቹ ሽማግሌዎችን ጠየቁ፦ ውኃው እስከ የት ደረሰ? ከብቱ የዳነው በየትኛው ጉብታ ነው? በየት በኩል ወጣችሁ? ያገኙትን በመማሪያ ክፍሉ ውጫዊ ግድግዳ ላይ በፐርማነንት ማርከር ሣሉ። ቤቶቹ በጥቁር፣ ውኃው በሰማያዊ፣ ወደ ከፍታው የሚያወጣው መንገድ በቀይ። ቀዩን የመረጥሁት እኔ ነኝ፤ በብራናው ወግ የከበረው ነገር በቀይ ይጻፋልና። ፎቶግራፍ ተነሣን፤ ዘገባ ጻፍሁ፤ በስብሰባም አቀረብሁት።

ሁለት ክረምት ካለፈ በኋላ ተመለስሁ። ግድግዳው ወደ ምዕራብ የዞረ ነበር፤ የከሰዓት ፀሐይ በየቀኑ ሲያገኘው ኖሯል። ጥቁሩ አለ። ሰማያዊው ገርጥቷል። ቀዩ ጠፍቷል። ካርታው ቤቱንና ውኃውን ያሳያል፤ መውጫውን አያሳይም። የብራናው ቀይ የሚኖረው በተዘጋ መጽሐፍ ውስጥ፣ ከብርሃን ተሰውሮ መሆኑን ረስቼ ነበር።

ቀረብ ብዬ ስመለከት ግን ቀዩ በነበረበት ቦታ የጠቆረ፣ የተንቀጠቀጠ መስመር አየሁ። ማን እንደሠራው ጠየቅሁ። የትምህርት ቤቱ ጥበቃ፣ በዕድሜ የሚበልጡኝ ሰው፣ እንዲህ አሉኝ፦ "መምህር፣ ቀዩ ሲለቅ ጊዜ እኔው በከሰል ቀጠልሁት። ልጆቹ መውጫው እንዳይጠፋቸው ብዬ ነው። ዝናቡ ሲያጥበው እንደገና አሰምረዋለሁ።"

ከሰል ካርቦን ነው፤ ፀሐይ አያገረጣውም። አጣባቂ ስለሌለው ግን ውኃ ያጥበዋል። የእኔ ማርከር ውኃን ችሎ በፀሐይ ጠፋ፤ የእሳቸው ከሰል ፀሐይን ችሎ በዝናብ ታጠበ። ይሁን እንጂ ካርታውን ያቆየው የእሳቸው መስመር ነበር፤ መላልሶ የሚያሰምረው ሰው ነበረውና።

እንደገና ስንሠራው

በሁለተኛው ጊዜ አራት ነገሮችን ለወጥን።

አንደኛ፣ ገጹን ለወጥን። የጣናን ሠዓሊዎች ተከትለን በአቡጀዲ ላይ ሣልን። የማርከር ቀለም በጥጥ ክር ውስጥ ሠርጎ ይይዛል፤ አቧራ ባለበት የጭቃ ወይም የኖራ ግድግዳ ላይ ግን የሚጣበቀው ከአቧራው ጋር ነው፤ አቧራው ሲረግፍ አብሮ ይረግፋል። ጨርቁ በክፍል ውስጥ፣ ፀሐይ በማያገኘው በኩል ይሰቀላል፤ ጎርፍ ቢመጣም ተጠቅልሎ ይወጣል። የግድ ውጭ ግድግዳ ላይ መሣል ካለበት ማርከሩ ለንድፉ ብቻ ይሁንና ሥራው በውጭ ግድግዳ ቀለም በብሩሽ ይጠናቀቅ።

ሁለተኛ፣ ትርጉሙን ለቀለም ብቻ አልተውነውም። መውጫውን መንገድ በጥቁር ጥንድ መስመር ከብበን የእግር ዳና ሣልንበት፤ ቀዩ ከዚያ በኋላ የተጨመረ ነው። ቀለሙ ቢጠፋ መስመሩ ይናገራል።

ሦስተኛ፣ ማርከሩን አስረከብን። በመጀመሪያው ሥራ የተናገሩት በአብዛኛው ወንዶች ነበሩ። አሁን እናቶች ሲሥሉ መንገዱ ራሱ ተለወጠ። ወንዶቹ የነገሩን አቋራጭ ወገብ የሚደርስ ውኃ የሚሻገር ነበር። አንዲት እናት ማርከሩን ይዘው፣ "ልጅ ያዘለች በዚህ አትወጣም" ብለው ረጅሙን ዙሪያ መንገድ ሣሉ። የፊተኛው ካርታችን ቀዩ ባይጠፋ ኖሮ ለብዙዎች የተሳሳተ መንገድ ሲያሳይ ይኖር ነበር። ይህን ሳስብ ዛሬም ይከብደኛል።

አራተኛ፣ መታደሻ ቀን ቆረጥንለት። በየዓመቱ በግንቦት፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ ከፍ ያሉት ልጆች ለታናናሾቻቸው እያሳዩ መስመሩን ደግመው ያሰምራሉ፤ የተለወጠ ነገር ካለ ሽማግሌዎችና እናቶች ይናገራሉ፤ ዓመተ ምሕረቱ በጠርዙ ይጻፋል። ለመጀመሪያው መታደሻ የጋበዝናቸው ጥበቃውን ነበር። ከሰላቸውን ትተው ማርከር ያዙ፤ እጃቸው ግን ያንኑ መንገድ ያውቀዋል።

ለተማሪዎቼ ሁለት ማሳሰቢያ ልጨምር። የማርከር ሽታ የአሟሚው ትነት ነው፤ ከልጆች ጋር ስትሠሩ መስኮትና በር ክፈቱ። በጥንታዊ ድንጋይ፣ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ፣ በቅርስ ላይ ደግሞ ፈጽሞ አትጻፉ፤ ቀለሙ በድንጋዩ ቀዳዳ ሠርጎ ይገባል፤ ሊያስለቅቁት ሲሞክሩም ቅርሱ ይጎዳል።

አባቶቻችን "በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል" ይላሉ። እኔ ይህን ምሳሌ ለዓመታት ሳስተምር በጽሑፉ ላይ እንጂ "ይወረሳል" በሚለው ላይ አላተኮርሁም ነበር። ውርስ ተቀባይ ይፈልጋል። የብራና መጻሕፍቶቻችንም እስከ ዛሬ የደረሱት ጥቀርሻና ሙጫው ጥሩ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ የሚገለብጣቸው፣ የሚያነባቸው፣ ከጎርፍና ከእሳት የሚያሸሻቸው ሰው በየዘመኑ ስለነበረ ነው። በዚህ ዓመት ለመስክ ሥራ ወደ ወረዳዎቹ የምትወጡ ተማሪዎች፣ በዘገባችሁ ውስጥ አንድ ጥያቄ እንድትመልሱልኝ እፈልጋለሁ፦ የሠራችሁት ነገር ሲደበዝዝ ማን መልሶ ያሰምረዋል? ስም መጥቀስ ካልቻላችሁ ሥራው ገና አላለቀም።