በሞዴል አውሮፕላኖች ላይ የጨርቅና የስፌት ገጽታን በትክክል ማሳየት ያለው ፋይዳ

በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አሥርት ዓመታት ከተሠሩት አውሮፕላኖች አብዛኞቹ ክንፋቸው በእንጨት አጽም ላይ ጨርቅ ተወጥሮ የተዘጋጀ ነበር። ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም አዲስ አበባ በማረፍ የኢትዮጵያን የአቪዬሽን ታሪክ የከፈተው ፈረንሳይ ሠራሹ ፖቴዝ 25 አውሮፕላንም ከዚሁ ወገን ይመደባል። በዘመኑ ከነበሩት አውሮፕላኖች ብዙዎቹ ዛሬ በአካል ስለማይገኙ፣ በሙዚየምና በዐውደ ርዕይ የሚቀርቡ ሞዴሎች ለተመልካቹ ታሪክን የማስተማር ኃላፊነት ይወድቅባቸዋል። ሞዴሉ የጨርቁንና የስፌቱን ገጽታ አዛብቶ ካቀረበ፣ ተመልካቹ ስለ ዘመኑ ምህንድስና የሚያገኘው ግንዛቤም የተዛባ ይሆናል።

አንድ አውሮፕላን በሚበርበት ጊዜ ከክንፉ በላይ ያለው የአየር ግፊት ስለሚቀንስ ጨርቁ ከአጽሙ ተላቆ ወደ ላይ ለመነሳት ይገደዳል። ይህን ለመከላከል የላይኛውና የታችኛው ጨርቅ፣ "ጎድን" በሚባሉት የክንፉ ቀጫጭን አውታሮች ዙሪያ በሚዞር ጠንካራ ክር እየተቋጠረ ይሰፋል። በስፌቱ ላይ ደግሞ ጠባብ የጨርቅ ጥብጣብ ይለጠፍበታል። በመጨረሻም ዶፕ የተባለው ቫርኒሽ ሲቀባ ጨርቁ ተሸብሽቦ እንደ ከበሮ ቆዳ ይወጠራል። የዚህ አሠራር ጉድለት ለአደጋ የሚዳርግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1918 ኒውፖርት 28 የተሰኙ ተዋጊ አውሮፕላኖች ቁልቁል ሲወረወሩ የላይኛው ክንፋቸው ጨርቅ ይገፈፍ እንደነበር ይታወሳል።

ከዚህ በመነሳት በሞዴል ሥራ ላይ በብዛት የሚታዩትን ሁለት ስህተቶች መለየት ይቻላል። የመጀመሪያው በጎድኖች መካከል ያለውን ጨርቅ ከመጠን በላይ አስርጉዶ ማሳየት ነው። ዶፕ የተቀባ ጨርቅ ውጥር በመሆኑ ስርጉደቱ እጅግ አነስተኛ ነው። ሁለተኛው ስፌቱን ራቁቱን ማሳየት ሲሆን፣ በእውነተኛው አውሮፕላን ላይ ቋጠሮዎቹ ከጥብጣቡ ሥር እንደ ትናንሽ እብጠቶች ብቻ ይታያሉ።

የምጣኔው ስሌትም ይህንኑ ያረጋግጣል። በ1 ለ48 ምጣኔ 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጥብጣብ ወደ 1 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። በቋጠሮዎች መካከል ያለው ርቀት 7 ሴንቲ ሜትር ቢሆን በሞዴሉ ላይ 1 ነጥብ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። የሩብ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጨርቅ ደግሞ ወደ 0 ነጥብ 005 ሚሊ ሜትር ስለሚወርድ በዓይን ሊለይ አይችልም።

በመሆኑም የሞዴል ባለሙያዎች በፋብሪካ የተጋነነውን ጉድጓድ በስቱኮ ሞልተው በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳሉ። ከዚያም የጎድኑን ግራና ቀኝ በስኮች ከልለው በመካከሉ ቀለም በመርጨት ስስ መስመር ያወጣሉ። ቋጠሮዎቹን ለማሳየት ከጥብጣቡ በፊት በመርፌ ጫፍ እኩል የተራራቁ ጥቃቅን የሙጫ ነጠብጣቦችን ያስቀምጣሉ።

ከእጅ ጥበቡ ባሻገር የአውሮፕላኑን የምርት ዘመን ማወቅ ያስፈልጋል። ለአብነት የእንግሊዙ ሃሪኬን ተዋጊ አውሮፕላን መጀመሪያ ላይ ክንፉ በጨርቅ የተሸፈነ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ1939 ጀምሮ በብረት ለበስ ክንፍ መተካት ጀምሯል። የኋላ አካሉ ግን በጨርቅ እንደተሸፈነ ቀጥሏል። ስለሆነም ዘመኑን ሳያጣሩ ስፌት መጨመርም ሆነ መተው የታሪክ ስህተት ያስከትላል።

በ1928 ዓ.ም አዲስ አበባ ውስጥ የተሠራችውና በጣሊያን ወረራ ወቅት የተወሰደችው "ፀሐይ" አውሮፕላን በጥር 2016 ዓ.ም ለኢትዮጵያ መመለሷ በዚህ ረገድ መልካም አጋጣሚ ነው። ዋናው ቅርስ በእጅ እስካለ ድረስ፣ ለትምህርት ቤቶችና ለዐውደ ርዕዮች የሚዘጋጁ ሞዴሎችን በግምት ሳይሆን በልኬትና በፎቶግራፍ በተደገፈ መረጃ መሥራት ይቻላል።