በጋራ ስለሚያዝ የግል ጄት አይሮፕላን፤ አባሉ ምን ያገኛል? ምንስ ይጠብቀዋል?

በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንገልጸው ያሰብነው፥ በአሜሪካ ተጀምሮ ወደ ሌሎች አገሮች ስለ ተስፋፋው፥ ብዙ ሰዎች በግል ጄት አይሮፕላን በጋራ ስለሚገለገሉበት ማኅበር ነው። ከጓደኞቻችን መካከል «ይህ የባለጸጎች ጉዳይ ለተማሪ ምን ይረባዋል?» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ሰው ገንዘቡን አስቀድሞ ከፍሎ አገልግሎቱን ወደ ፊት በሚጠብቅበት ውል ሁሉ የሚነሣው ጥያቄ በዚህ ላይ ጐልቶ ስለሚታይ፥ ሊጠና የሚገባው መስሎናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ጄት አይሮፕላን ዋጋው በሚሊዮን ዶላር የሚቈጠር ነው። ደግሞም ቢበርም ባይበርም የአብራሪዎች ደመወዝ፥ የመድንና የማቆሚያ ወጪ አይቀርም። ስለዚህ በዓመት ጥቂት ሰዓት ብቻ ለሚበር ሰው ለብቻው መግዛቱ አያዋጣውም። ይህን ችግር ለማቃለል፥ ሪቻርድ ሳንቱሊ የተባለው የሒሳብ ሰው በ1964 የተቋቋመውን ኤግዘክዩቲቭ ጄት አቪዬሽን የሚባለውን ኩባንያ በ1984 ገዛ፤ በ1986ም አይሮፕላንን በድርሻ ከፋፍሎ የመሸጥን ሥርዓት ኔትጄትስ በሚል ስም ጀመረ። ኩባንያውን በ1998 የዋረን ባፌት ድርጅት ገዝቶታል።

ዛሬ የአባልነቱ ዐይነት በሦስት ሊከፈል ይችላል። አንደኛው ድርሻ መግዛት ነው። በአሜሪካ ሕግ መሠረት የጄት አይሮፕላን ድርሻ ከአንድ ዐሥራ ስድስተኛ ሊያንስ አይችልም፤ ይህም ድርሻ በልማድ በዓመት 50 የበረራ ሰዓት ያሰጣል። ባለድርሻው የድርሻውን ዋጋ ከከፈለ በኋላ በየወሩ የአስተዳደር ክፍያ፥ በበረረም ጊዜ የየሰዓቱን ሒሳብ ይከፍላል። ሁለተኛው ሰዓት አስቀድሞ መግዛት ነው፤ ብዙውን ጊዜ 25 ሰዓት ይሆናል። ሦስተኛው የአባልነት መዋጮ ከፍሎ ለያንዳንዱ ጉዞ እንደ ዕለቱ ዋጋ መክፈል ነው። ከዚህ የሚለይም አለ፤ በካሊፎርኒያ በ2013 በረራ የጀመረው ሰርፍ ኤር፥ በየወሩ የተወሰነ ገንዘብ ለሚከፍሉ አባሎች በተወሰኑ መስመሮች ያለ ገደብ መመላለስን ፈቅዶ ነበር። አይሮፕላኖቹ ግን ጄት ሳይሆኑ ባለፕሮፔለር ነበሩ።

አባቶች «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። የዚህ ማኅበር ሐሳብም ከዚህ የራቀ አይደለም። ልዩነቱ ግን ሎሚው ለሃምሳ ሰው በአንድ ቀን ሲታደል አይሮፕላኑ አለመታደሉ ነው። ዐሥራ ስድስት ሰዎች እያንዳንዳቸው 50 ሰዓት ቢኖራቸው ድምሩ 800 ሰዓት ነው፤ ዓመቱ ደግሞ 8,760 ሰዓት አለው። በወረቀት ሲታይ ብዙ ትርፍ ጊዜ ያለ ይመስላል። ሆኖም ሰዎቹ መሄድ የሚሹት በአንድ ሰሞን ነው፤ ይኸውም በገና፥ በምስጋና በዓልና በትምህርት ቤት ዕረፍት ጊዜ ነው። ስለዚህም ኩባንያው ብዙ አይሮፕላኖች በአንድነት ያሰማራል፤ ባለድርሻውም በገዛው አይሮፕላን ሳይሆን በመሰሉ ሊሳፈር ይችላል። በውሉም ላይ «የጥድፊያ ቀኖች» ተብለው የሚዘረዘሩ ቀኖች ይገኛሉ፤ በእነዚህ ቀኖች አባሉ አስቀድሞ ማስታወቅ፥ የመነሻውም ሰዓት ቢገፋበት መታገሥ፥ አንዳንድ ጊዜም ተጨማሪ መክፈል አለበት።

ሒሳቡም ከላይ እንደሚታየው ቀላል አይደለም። አይሮፕላኑ መሬት ላይ ለሚንቀሳቀስበት በያንዳንዱ በረራ በልማድ 12 ደቂቃ ይጨመራል። ጉዞው አጭር ቢሆንም ከተወሰነ ጊዜ በታች አይታሰብም። ሰዓት ለገዛ ሰው በአሜሪካ ውስጥ 7.5 በመቶ ቀረጥ ይታከላል፤ እንደ ውሉም የነዳጅ ጭማሪ ሊኖር ይችላል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን አስቀድሞ የተከፈለው ገንዘብ ነገር ነው። ባለድርሻ ቢያንስ በአይሮፕላኑ ላይ የባለቤትነት መብት አለው። ሰዓት የገዛ ሰው ግን በእጁ ያለው ተስፋ ብቻ ነው፤ ገንዘቡ በልዩ ሒሳብ ካልተቀመጠለት፥ ኩባንያው ቢከስር መያዣ እንደሌለው ገንዘብ ጠያቂ ከኋላ ይሰለፋል። በ2013 የተቋቋመው ዊልስ አፕ በ2023 በኪሳራ አፋፍ ላይ ደርሶ፥ ዴልታ አየር መንገድና ባልንጀሮቹ 500 ሚሊዮን ዶላር ለማቅረብ ተስማምተው አተረፉት። አባሎቹ የዳኑት በውላቸው ጥንካሬ ሳይሆን አዳኝ በመገኘቱ ነው።

በአንጻሩ ባለቤትነትም የራሱ ሸክም አለው። ከ2003 ወዲህ ባለው ደንብ፥ ባለድርሻ በራሱ ድርሻ ሲበር የበረራው ኀላፊ እርሱ ነው፤ ይህንንም ማወቁን በፊርማው ያረጋግጣል። አደጋ ቢደርስ በሕግ ተጠያቂነት ሊደርስበት ይችላል። ሰዓት ብቻ በገዛው ሰው ጊዜ ግን ኀላፊው አብራሪው ኩባንያ ነው። እንግዲህ አንዱ መብትን ከኀላፊነት ጋር ሲወስድ፥ ሌላው ከሁለቱም ነጻ ይሆናል ማለት ነው።

ነገሩን ከዕቁባችን ጋር ብናስተያየው ፍርዱ ግልጽ ይሆናል። በዕቁብ ገንዘቡን ቀድሞ የሚወስድ ሰው ዋስ ይጠራል፤ ዳኛውም ዋሱን ሳያይ ገንዘቡን አይለቅም። በአይሮፕላኑ ማኅበር ገንዘቡን ቀድሞ የሚወስደው ኩባንያው ነው፤ ዋስ ግን አይጠራም። ስለዚህ በእኛ አስተያየት፥ አባል ለመሆን የሚያስብ ሰው ስለ ወንበሩ ምቾት ከመጠየቁ በፊት ሦስት ነገር ሊጠይቅ ይገባዋል፤ ገንዘቡ የት ይቀመጣል? በጥድፊያ ቀን ምን ይደረግለታል? ውሉን ቢተው ምን ያህል ይመለስለታል? ለእነዚህ መልሱ በጽሑፍ ካልተሰጠው፥ የገዛው በረራ ሳይሆን ተስፋ መሆኑን ይወቅ።