ሠርጉን ለሩቅ ዘመድ በቀጥታ

አዲስ አበባ ልጅዎን ሲድሩ ጅዳ ወይም ዋሽንግተን ያለችው እህትዎ መምጣት ካልቻለች፣ ሠርጉን በ4ጂ ኢንተርኔት በቀጥታ ልታየው ትችላለች። ሽማግሌዎቹ ምርቃት ሲጀምሩ ምስሉ ድርቅ ብሎ እንዳይቀር ግን አስቀድመው ያጣሩ።

ብዙ ሰው ፍጥነት ሲለካ የሚያየው የማውረጃውን ነው። ለእርስዎ ወሳኙ የመጫኛው ነው፤ ምስሉ ከአዳራሹ የሚወጣው በእሱ ነውና። ባለ 1080 ጥራት ምስል በሰከንድ 5 ሜጋቢት ገደማ ይፈልጋል፤ በሰዓት ከ2 ጊጋባይት በላይ ይበላል ማለት ነው። መስመሩ የዚህን እጥፍ ካልሰጠ በ720 ይላኩ፤ በስልክ ለሚያይ ሰው እሱም ያምራል።

በባዶ አዳራሽ መለካት ብዙም አይጠቅምም። አምስት መቶ እንግዳ ስልኩን አውጥቶ ሙሽሮቹን ሲቀርጽና ሲልክ ሁሉም የሚሻማው በአንድ የኔትወርክ ማማ ላይ ነው። ስለዚህ ሌላ ሠርግ ባለበት ቅዳሜ ወይም እሑድ ሄደው ይለኩ። የኢትዮ ቴሌኮምንም የሳፋሪኮምንም ሲም ይያዙ፤ አንዱ ሲደክም ሌላው ይደርሳል። ባለሙያ ከቀጠሩ ደግሞ በርካታ ሲሞችን አጣምሮ የሚልክ መሣሪያ እንዳለው ይጠይቁት። መስመር ቢቋረጥ እንኳ ካሜራው በሜሞሪ ካርድ ይቅረጽ።

ድምፁን ከአዳራሹ ሳውንድ ሲስተም በገመድ ይውሰዱ። እህትዎ የደበዘዘ ምስል ትታገሣለች፤ ምርቃቱን ግን ቃል በቃል መስማት ትፈልጋለች።