ያውቁ ኖሯል? ስድስት ጎራሹ ሪቮልቨር ለምን አምስት ጎራሽ ሆነ

(ዓመተ ምሕረቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

«44 ማግነም» የሚባለው የሪቮልቨር ጥይት በእርግጥ 44 እንዳልሆነ ያውቁ ኖሯል? ቁጥሩ የኢንች መቶኛን ያመለክታል፤ አረሩ ሲለካ ግን 0.429 ኢንች ነው፣ 10.9 ሚሊ ሜትር መሆኑ ነው። ስሙ አረሩና ቀለሃው እኩል ይወፍሩ ከነበረበት ዘመን የተወረሰ ነው። አያቶቻችን «ውጅግራ» ያሉት የፈረንሳዮቹ የግራ ጠመንጃ 11 ሚሊ ሜትር ነበር። በውፍረት ብቻ ካየነው ይህ የወገብ ሽጉጥ ከውጅግራ እምብዛም አያንስም።

«ማግነም» የሚለው ስምስ? ከወይን ጠጅ ቤት የመጣ ነው፤ 1.5 ሊትር የሚይዘው ትልቁ ጠርሙስ ስም ነው።

አሜሪካኖች አረርን የሚመዝኑት በ«ግሬን» ነው። ትርጉሙ የእህል ቅንጣት ሲሆን አንድ ፓውንድ 7,000 ቅንጣት ይሆናል። የ44 ማግነም የተለመደ አረር 240 ግሬን፣ ማለትም 15.6 ግራም ይመዝናል።

44 ማግነም የተወለደው ከአንድ ፍንዳታ መሆኑንስ? ጁላይ 4 ቀን 1925 ከብት አርቢውና ጸሐፊው ኤልመር ኪዝ የነጻነት በዓልን በተኩስ ያከብራል። በ45 ኮልት ቀለሃ ውስጥ ባሩዱን ጠቅጥቆ፣ በላዩ 300 ግሬን የሚመዝን የጠመንጃ አረር አስቀምጦበት ነበር። ጥይቶቹን የሚይዘው ሲሊንደር ከላይ በኩል ተገነጠለ። ኪዝ ከዚያ በኋላ 44 ስፔሻል ወደሚባለው ጥይት ዞረ። ነገሩ የሂሳብ ጉዳይ ነው፤ የሲሊንደሩ መጠን ሳይለወጥ ቀዳዳው ሲጠብ ግድግዳው ይወፍራል። ለሠላሳ ዓመት ያህል ፋብሪካዎቹን ሲጎተጉት ኖረ፤ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን እና ሬሚንግተን በ1955 መጨረሻ ጥይቱንም ሽጉጡንም ይዘው ብቅ አሉ።

የአዲሱ ጥይት ቀለሃ ከ44 ስፔሻል በ3.2 ሚሊ ሜትር እንዲረዝም የተደረገው ኃይል ለመጨመር ብቻ አልነበረም። አንዱ ችኩል ሰው አሮጌ ሽጉጥ ውስጥ እንዳይከተው ነው። በተቃራኒው አጭሩ ስፔሻል በማግነም ሽጉጥ ውስጥ ያለ ችግር ይገባል፤ ሰው በለስላሳው ተለማምዶ በከባዱ ያድናል። እኔን ብትጠይቁኝ የእነዚህ ጥይቶች ትልቁ ጥቅም ይህ ነው፤ ስለ ጉልበታቸው የሚወራው ከዚህ በኋላ ይምጣ።

በ1971ዱ «ደርቲ ሃሪ» ፊልም ክሊንት ኢስትውድ 44 ማግነሙን የዓለም ኃይለኛ ሽጉጥ ይለዋል። ዲክ ካሰልና ጃክ ፉልመር ግን ከእሱ የበረታውን 454 ካሰል ከሠሩ ያኔ 14 ዓመት ሆኗቸው ነበር። ፋብሪካ ያገኘው ዘግይቶ ስለሆነ የፊልሙ ጸሐፊዎች ቢያልፉት አይፈረድባቸውም። ፍሪደም አርምስ የተባለው የዋዮሚንግ ድርጅት ለገበያ ያወጣው በ1983 ነው።

እስቲ ግፊታቸውን እናነጻጽር፤ ጎሚስታው የመኪናዎን ጎማ 30 ፒኤስአይ ገደማ ይነፋል። የአሮጌው 45 ኮልት ከፍተኛ ግፊት 14,000 ነው። የ44 ማግነም 36,000። የካሰሉ 65,000!

እንዲህ ያለውን ግፊት የሚሸከም ሽጉጥ ለምን አምስት ጎራሽ እንደሚሆን ገምተዋል? አንድ ቀዳዳ ሲቀነስ በመካከል ብረት እንደሚተርፍ ግልጽ ነው። ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላ ምክንያት አለ። ሲሊንደሩን በቦታው የምታቆመው ትንሽ ጥርስ የምትገባበት ጉድጓድ በሲሊንደሩ ወገብ ላይ ይቆፈራል። በስድስት ጎራሽ ላይ ጉድጓዱ ብዙውን ጊዜ የሚያርፈው በቀዳዳው አናት፣ ግድግዳው እጅግ በሳሳበት ቦታ ነው። በአምስት ጎራሽ ግን በሁለት ቀዳዳዎች መካከል፣ ብረቱ በወፈረበት ያርፋል። ስድስተኛው ጥይት የተሠዋው ለዚህ ነው።

ጆን ላይንባውንስ ያውቁታል? በዋዮሚንግ ኮዲ ከተማ የነበረ ሽጉጥ ሠሪ ነው። በ1980ዎቹ የ348 ዊንቸስተር ጠመንጃ ቀለሃን ወደ 35.6 ሚሊ ሜትር ቆርጦ 500 ላይንባውን ሠራ። ያ ቀለሃ ገበያ ላይ ሲጠፋበት፣ የአሜሪካ ጦር በ1873 የያዘውን የ45-70 ጠመንጃ ቀለሃ ቆርጦ 475ን ሠራ። መንገዱ ከካሰል ተቃራኒ ነበር። ካሰል ፍጥነትን ሲያሳድድ ላይንባው ወፍራምና ከባድ አረርን በመጠነኛ ፍጥነት መላክን መረጠ። ግፊቱ ቀለል ሲል ባዶው ቀለሃ ከቀዳዳው በቀላሉ ይወጣል፣ ጆሮ የሚበጥሰው ጩኸትም ይበርዳል። ወፍራም አረር ደግሞ ሥጋ ውስጥ ገብቶ እስኪሰፋ አይጠበቅም፤ ከአፈሙዙ ሲወጣም ሰፊ ነው። አላስካ ውስጥ ድብ ላለበት ጫካ ሪቮልቨር ለሚታጠቅ ሰው ይህ ትርጉም አለው።

የሪቮልቨር ቀለሃ ወገቡ ቀጥ ያለ የሆነው በከንቱ አይደለም። በ1961 የወጣው 22 ሬሚንግተን ጄት አንገቱ እንደ ጠርሙስ የጠበበ ነበር። ሲተኮስ ቀለሃው ወደ ኋላ እየገፋ ሲሊንደሩን አላዞር ይል ነበር።

ርግጫው ተኳሹን ብቻ እንደማይጎዳስ? ሽጉጡ ወደ ኋላ ሲዘል ገና ያልተተኮሱት ጥይቶች አረር ባለበት መቅረት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ከቀለሃው ወደ ፊት ይሾልካል። ጫፉ ከሲሊንደሩ ካለፈ ሽጉጡ ተቆለፈ ማለት ነው፣ ያውም ድቡ ሲመጣ። የቀለሃው ከንፈር አረሩን ነክሶ እንዲይዝ በኃይል የሚጨመቀው ለዚህ ነው።

በ2003 የወጣው 500 ስሚዝ ኤንድ ዌሰን አረሩ ልክ 0.500 ኢንች ነው፤ የላይንባው 0.510 ነበር። የአሜሪካ ሕግ ከግማሽ ኢንች በላይ አፈሙዝ ያለውን መሣሪያ በሌላ ዓይን ነው የሚያየው፤ ነገሩ አጋጣሚ አይመስለኝም። ረጅም አፈሙዝ ያለው ሽጉጥ ባዶውን 2 ኪሎ ይመዝናል።

480 ሩገር የላይንባው 475 ያጠረ ታናሽ ወንድም ነው፤ በ475ቱ ሽጉጥም ይተኮሳል። ለክንዱ ለሚያዝን ሰው የምመርጠው እሱን ነው።

በ2005 የወጣውስ 460 ስሚዝ ኤንድ ዌሰን? 454 ካሰልንም ይጎርሳል። በ1873 የኮልት ሽጉጥ የተተኮሰውን 45 ኮልትም ይጎርሳል።